«ባለሙያው ነው ያልተዘጋጀው» ላልከን ወንድማችን፣ ከጎጃም ጤና ጣቢያ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየጤና ባለሙያው ስልክ ሲዞር የነበረውን ጽሑፍ ሳታዩት አትቀሩም። ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው፣ ጸሐፊው ዲጂታል ጤና ገጠር ላይ ወደፊት አልሄድ ያለው ባለሙያው ስላልተዘጋጀ ነው ይላል። ታብሌት ተሰጠ፣ ሲስተም ተዘረጋ፣ ስልጠና ተሰጠ፣ ነርሱና የጤና ኤክስቴንሽኗ ግን ወረቀት የሙጥኝ አሉ ነው ነገሩ። ከዛ ደሞ መብራትና ኔትወርክ ሰበብ ነው፣ የድሮዎቹ ለወጣት ይልቀቁ፣ እንግሊዝ እንኳን ዲጂታል ክህሎት ግድ ነው ብላለች፣ የቀረውን ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ይሸፍነዋል፣ የታካሚ ምስጢር የአይቲ ሰው ጉዳይ ነው እያለ ይወርዳል። እኔ ምስራቅ ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ላይ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር ግን አልቻልኩም። ጸሐፊው ክፉ አስቦ የጻፈው አይመስለኝም፣ እንደውም የሚያነሳው ጥያቄ የኛም ጥያቄ ነው፣ የማልስማማው መልሱ ላይ ነው። እንግዲህ በተራ በተራ እንሂድ።

«ባለሙያው ለውጥ ይፈራል» ከሚለው ልጀምር፣ ምክንያቱም በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። እዚ ያለ ነርስ ደሞዙ መግባቱን የሚያየው በስልኩ ነው፣ ካርድ የሚሞላው በቴሌብር ነው፣ የህጻን ዶዝ ሲጠራጠር ስልኩ ላይ የጫነውን ጋይድላይን ነው የሚከፍተው፣ የተረኛ ፕሮግራም ራሱ የሚለቀቀው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ታዲያ ይሄ ሰው ስክሪን ፈራ የሚባለው በምን ሂሳብ ነው? የማይጠቀመውን ነገር ለምን እንደማይጠቀመው መጠየቅ ነበር እንጂ ቶሎ ብሎ ፈሪ ማለት ምን ይባላል።

እስቲ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። መጀመሪያ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ከዛ ያው ነገር ሬጅስተር ላይ ይገለበጣል። ከዛ ታሊ በሚባለው የመቁጠሪያ ወረቀት ላይ ጭረት ይደረጋል። ወሩ በ20 ሲዘጋ ታሊው ይደመርና ሪፖርት ፎርም ላይ ይሞላል፣ ኤች አይ ቲው (የጤና መረጃ ባለሙያው) ደሞ ያን ወስዶ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባለው የሪፖርት ሲስተም ላይ ያስገባዋል። ልብ በል፣ ይሄ ሁሉ የአንዲት እናት የአንድ ቀን መረጃ ነው። አሁን አዲስ ሲስተም መጣ ሲባል ከነዚህ ውስጥ አንዱ ቀረ ወይ? አልቀረም። በላዩ ላይ ተጨመረ እንጂ። ሱፐርቪዥን ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሬጅስተሩን አምጡ» ነው፣ ሬጅስተሩ ላይ ክፍት ቦታ ከተገኘ ቼክሊስት ላይ ዜሮ ይሰጥሃል፣ ሲስተሙ ላይ ግን ሙሉ ሆኖ ቢገኝ ማንም አያመሰግንህም። ሰው የሚጠየቅበትን ነገር ነው የሚሰራው፣ ይሄ ፍርሃት አይደለም።

የጤና ኬላው ደሞ ይብሳል። የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበር አሁን 18 ደርሷል፣ ባገር ደረጃ ከ40 ሺህ በላይ ኤክስቴንሽኖች ናቸው የተሸከሙት፣ እዚ ጎጃም ደሞ አንድ ቀበሌ ማለት ጎጦቹ ተራርቀው፣ አንዱ ቤት ከሌላው በወንዝ ተለይቶ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ጭራሽ የማይደረስበት ቤት ያለበት ማለት ነው። እሷ ቤት ለቤት ዞራ የቤተሰቡን ፎልደር ትሞላለች፣ ከዛ ያንኑ ታብሌቱ ላይ ትመዘግባለች፣ ከዛ ደሞ ወረዳው በስልክ ደውሎ «የዚህን ሳምንት ቁጥር በቃል ንገሪኝ» ይላታል። አንድ ጥማድ በሬ ላይ ሁለት ሞፈር ጭኖ በሬው ሰነፈ ማለት ነው ይሄ። ዝግጅት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚ ነው፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የትኛው ወረቀት እንደሚቀር በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማህተም ተደርጎበት፣ ሱፐርቫይዘሩም ተነግሮት ሲመጣ። ይሄን ነርሱ አይወስንም፣ ኤክስቴንሽኗም አትወስንም። የሚወስነው አካል ሳይወስን የባለሙያውን አመለካከት መውቀስ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ነው የተመረጠው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ሁለተኛው «ስልጠና ተሰጥቷቸዋል» የሚለው ነው። ተሰጥቷል፣ አልክድም። ግን እንዴት? ከተማ ላይ ሆቴል ይያዛል፣ ፕሮጀክተር ይተከላል፣ አሰልጣኙ ስላይዱን ያነባል፣ ሰልጣኙ ሻይ ሰዓት ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ ግሩፕ ፎቶ። ማን ይሄዳል የሚለው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። አበል ያለበት ስልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚላከው ሲስተሙን የሚነካው ሰው ሳይሆን ተራው የደረሰ ሰው ወይ ኃላፊው ነው (ኃላፊውም ቢሆን አበል ያስፈልገዋል፣ ኑሮው እንደምታውቁት ነው፣ አልፈርድበትም)። ሰልጥኖ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ገና አልመጣም። ኮምፒውተሩ ሲመጣ እሱ ተዛውሯል። አዲስ የመጣው ሰው ደሞ «ስልጠናው ተሰጥቷል» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚቆጥረው ጤና ጣቢያውን ነው ሰውየውን አይደለም።

ከዛ ይልቅ ሰው ሲማር ያየሁት ጎኑ ላይ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ይሄ ሰው በብዙ ጤና ጣቢያ አለ፣ ኤች አይ ቲ ይባላል፣ ኮሌጅ ገብቶ የጤና መረጃ ተምሮ የመጣ ባለሙያ ነው። ግን ምን እናሰራዋለን? የስብሰባ ደብዳቤ ታይፕ ያደርጋል፣ የተበላሸ ፕሪንተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ወሩ ሲዘጋ ደሞ ቁጥር እየለመነ በየክፍሉ ይዞራል። ይሄን ልጅ ጠዋት ጠዋት የእናቶች ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ክፍል አስቀምጠህ ነርሷ ስትሳሳት እዛው «ሲስተር እዚች ጋ ተጫኚ» ቢላት በወር ውስጥ ሆቴሉ ያላመጣውን ለውጥ ታያለህ። ጤና ሚኒስቴርም ይሄ ጠፍቶት አይደለም፣ ጎንደር ዩኒቨርስቲን ጨምሮ 6 ዩኒቨርስቲዎችን ይዞ መምህራኑ ወረዳ ድረስ ወርደው እዛው ስራ ቦታ ላይ ሜንተር እንዲያደርጉ የጀመረው ፕሮግራም ሀሳቡ ይሄው ነው። ጸሐፊው ስለዛ አንድ መስመር አልጻፈም። ላይሰንስ ለማሳደስ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) ግዴታ ሆኗል አይደል፣ እንግዲያውስ ስራ ቦታ ላይ ሜንተር ሆኖ ያስተማረም የተማረም ነጥብ ይያዝለት፣ ሰው ኦንላይን ገብቶ ቀጥል ቀጥል እያለ ሰርተፍኬት ከሚያወርድ ይሻላል።

«መብራትና ኔትወርክ ሰበብ ነው።» እዚ ጋ ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። እውነት ነው ኤክስቴንሽኖቹ የሚጠቀሙት ሲስተም ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይልካል። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ም ኮኔክሽኑ መሃል ላይ ቢቋረጥ የገባውን ቁጥር ብራውዘሩ ላይ ይዞ ያቆያል። ስለዚ «ኔትወርክ የለም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ልክ አይደለም፣ እንደዛ የሚያደርጉም አሉ። ግን ወንድሜ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለስንት ወር እንደቆየን እያወቅክ ሰበብ ትላለህ? ታብሌቱ ላይ የተመዘገበው ተከማችቶ ተከማችቶ ሳይላክ ቆይቶ፣ ታብሌቱ ከተበላሸ ወይ ከጠፋ የዛ ሁሉ ወር ስራ አብሮ ይሄዳል። ኤክስቴንሽኗ ፎልደሯን ያልጣለችው እኮ ይሄን ስለምታውቅ ነው፣ በሷ ቦታ ብትሆን አንተም አትጥለውም።

እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ሲስተም ሲቆም ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ስልጠና አይቼ አላውቅም። መብራት ሄደ፣ ታካሚው ቆሟል፣ የበፊት ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አሁን ምን ላይ ነው የምጽፈው? ማን ነው በኋላ የሚያስገባው፣ የዛሬው ተረኛ ነው የነገው? የአለርጂ ታሪኩን ከየት አገኛለሁ? የታተመ የመጠባበቂያ ፎርም በየክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ይኑር፣ መብራት ሲመጣ በስንት ሰዓት ውስጥ ማን እንደሚያስገባው ይታወቅ። እዚ ሀገር፣ በተለይ እዚ አካባቢ፣ ዲጂታል ክህሎት ማለት ግማሹ ሲስተሙ ሲጠፋ መስራት መቻል ነው። እሱን ያልተማረ ሰው ኮምፒውተር ቢችልም አልተዘጋጀም።

«የድሮዎቹ ይልቀቁ፣ ወጣቱ በደቂቃ ይለምደዋል» የሚለው ደሞ አለ። አይ! ወጣቱ መንካቱን በደቂቃ ይለምደዋል፣ ልክ ነህ። ግን ቁጥሩ ልክ መሆኑን ማን ያውቃል? ክትባት ክፍል ለብዙ አመት የሰራች ሲስተር አለች፣ ታይፕ ስታደርግ በአንድ ጣት ነው፣ ፊደሉን ፈልጋ እስክታገኘው ሻይ ይቀዘቅዛል። ግን የወሩን ሪፖርት አይታ «ፔንታ 3 (ሶስተኛውን ዙር ክትባት ማለቷ ነው) የወሰደው ከፔንታ 1 እንዴት በለጠ? ይሄን ያህል ልጅ ከየት መጣ?» ትላለች፣ ሄዳችሁ ስታዩ አንዱ ገጽ ሁለቴ ተቆጥሯል። ይሄን ለማየት ፔንታ በስድስት፣ በአስርና በአስራ አራት ሳምንት እንደሚሰጥ ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ የራስህን ቀበሌ፣ ባለፈው ወር ስንት ልጅ እንደጀመረና ስንቱ እንደቀረ ማወቅ ይጠይቃል። ሲስተሙ ቀይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ ቀዩን አይቶ ዝም ብሎ አስተካክሎ የሚያልፍ ልጅ ግን ሞልቷል፣ ቀዩ እንዲጠፋለት ቁጥሩን የሚቀይርም አለ። በየወሩ 12 መረጃ መርጠን ሬጅስተሩን ከሪፖርቱ ጋር የምናመሳክርበት ኤል ኪው ኤ ኤስ የሚባል አሰራር አለን፣ በደንብ የሚሰራው እንደሷ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ነው፣ አለበለዚያ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚሞላ ፎርም ይሆናል። ስለዚ ወጣቱንና እሷን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸው፣ እሱ ይጫን እሷ ታንብብ። ልቀቂ ማለት ግን ውለታ ቢስነት ብቻ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ወደ እንግሊዙ ጉዳይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ላይ ትልቁ መከራከሪያ እሱ ነበር። በፈረንጆቹ 2019 አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ኤሪክ ቶፖል የመራው ለእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የተሰራ ጥናት በ20 አመት ውስጥ 90 በመቶው የዘርፉ ስራ የሆነ አይነት ዲጂታል ክህሎት ይጠይቃል ብሏል፣ እውነት ነው ብሏል። ጸሐፊው ይቺን ቁጥር ይዞ «እነሱ እዛ ደርሰዋል እኛ ወረቀት ላይ ነን» አለን። ግን እዛው ሪፖርት ውስጥ አብሮ ያለ ነገር ዘሏል፣ ቴክኖሎጂው ለባለሙያው ጊዜ መመለስ አለበት፣ ከታካሚው ጋር የሚቀመጥበትን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ይላል፣ በማስረጃ የተረጋገጠ ይሁን ይላል። የተመለሰልኝን ጊዜ አሳየኝ። አሜሪካም ቢሆን ኮምፒውተር ስለገባ ብቻ ጊዜ አልተገኘም፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ሐኪሞችን ስራ ላይ እያሉ ሰዓት ይዞ የተከታተለ ጥናት ሐኪሙ ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት 2 ሰዓት የሚጠጋ ደሞ ኮምፒውተርና ወረቀት ላይ እንደሚያሳልፍ ነው ያገኘው። እነዚህ ሰዎች መብራት አልጠፋባቸውም፣ ኔትወርክ አልተቋረጠባቸውም።

ከዛም የባሰ አለ፣ ይሄን ሁሉም ኃላፊ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ፒትስበርግ ውስጥ አንድ የህጻናት ሆስፒታል የሐኪም ትዕዛዝ በሙሉ በኮምፒውተር እንዲሆን አደረገ፣ ባንዴ። በፈረንጆቹ 2005 የታተመው ጥናት ከሌላ ሆስፒታል ተልከው በሚመጡ ህጻናት ላይ የሞት መጠኑ ከ2.8 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ መውጣቱን አሳየ። ምን ሆነ? በፊት ልጁ በአምቡላንስ መንገድ ላይ እያለ መድሀኒቱ ይታዘዝና ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር፣ ሲስተሙ ሲመጣ ግን ልጁ ደርሶ ካልተመዘገበ ማዘዝ አይቻልም ሆነ። ነርሷ ታካሚው አልጋ ጋ ከመቆም ስክሪን ጋ መቆም ሆነ ስራዋ። በአጭሩ ሲስተሙ የተሰራው የነሱ ስራ እንዴት እንደሚሄድ ሳይታይ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ደሞ ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ያለው የህጻናት ሆስፒታል ያንኑ አይነት ሲስተም አስገብቶ የሞት መጠኑ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ልብ በል፣ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነው፣ ሐኪምም ሐኪም ነው፣ ሁለቱም ጋ። ልዩነቱ አገባቡ ላይ ነው። እስቲ አሁን የኛን አስበው፣ ደም እየፈሰሳት ከደምበጫ ወይ ከሉማሜ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትላክ እናት አለች፣ የላከው ሰው ስልክ ደውሎ «እየመጣች ነው ደም አዘጋጁ» ይላል፣ ይሄ የስልክ ጥሪ ነው ህይወት የሚያተርፈው። አዲስ ሪፈራል ሲስተም ሲመጣ ይሄን ጥሪ ይተካዋል ወይስ ያግዘዋል ብሎ አዋላጇን የጠየቀ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሲስተሙ ከመገዛቱ በፊት የሚጠቀምበት ሰው ይጠየቅ ስንል ቅንጦት እየመሰላችሁ ነው።

ኤአዩን ባጭሩ ልለፈው። የሳንባ ራጅ አንብቦ ቲቢን የሚጠቁም ሶፍትዌር አለ፣ የአለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2021 15 አመትና ከዛ በላይ ለሆኑ ሰዎች ለቲቢ ልየታ መጠቀም ይቻላል ብሏል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ከሶፍትዌሩ በፊት ራጁ ያስፈልጋል፣ ከራጁ በኋላ አክታ የሚመረምር ላብራቶሪና መድሀኒት የሚያስጀምር ሰው ያስፈልጋል። «የሐኪም እጥረቱን ይሸፍናል» የሚለው ከዚ ላይ ነው የሚሰበረው። ደሞ አንዲት እናት የራሷን ህመም በራሷ አነጋገር ስትነግርህ፣ የቱ ጋ እንደሚያማት ሳትናገር ዙሪያውን ዞራ ስትመጣ፣ እሱን የሚሰማ ማሽን እስኪመጣ ድረስ እኛ አለን።

የመጨረሻው «የመረጃ ምስጢር የአይቲ ክፍል ስራ ነው» የሚለው ነው፣ እሱ ላይ ፍጹም አልስማማም። የየትኛው አይቲ ክፍል? ጤና ጣቢያ ላይ ያለነው እኛ ነን። እዚ ሰው በሙሉ ይተዋወቃል፣ የካርድ ክፍል ሰራተኛው የታካሚዋ የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት እንዳያየው ብሎ የኤችአይቪ መድሀኒቱን ሌላ ከተማ ሄዶ የሚወስድ ሰው አለ። ባሏ ሳያውቅ የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋ እናት አለች፣ ቀጠሮዋን ካርዷ ላይ አትጻፉብኝ ብላ የምትለምን። ወረቀት እያለ ይሄን ምስጢር መሳቢያ ቆልፈን እንጠብቀው ነበር። አሁን ምን እየተደረገ ነው? ለሁሉም ሰው አንድ ፓስወርድ፣ እሱም በፕላስተር ሞኒተሩ ላይ ተለጥፎ። ሪፖርት ሲቸኩል የሬጅስተር ገጽ ከነስሙ ከነስልክ ቁጥሩ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ ግሩፑ ውስጥ ደሞ ከሁለት አመት በፊት ስራ የለቀቀ ሰው ሁሉ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደሞ ከሌላው በተለየ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው፣ ግን ይሄን አዋጅ የሰማ ነርስ እኛ አካባቢ ፈልጌ ማግኘት ከብዶኛል።

ይሄ ባለሙያውን ማዘጋጀት የሚባለው ነገር ዋናው ነው ባይ ነኝ፣ ጸሐፊው ግን ከነጭራሹ ከባለሙያው ላይ አንስቶ ለአይቲ ሰጠው። ለያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስም ይሰጠው፣ ሰው ሲዛወር በዛው ቀን ይዘጋ፣ የክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ፋርማሲና ንብረት ክፍል እንደሚፈርሙት ኤች አይ ቲውም «አካውንቱ ተዘግቷል» ብሎ ይፈርም፣ የታካሚ ስም ያለበት ፎቶ ግሩፕ ላይ አይለቀቅ። ይሄን ለማስተማር ሆቴል አያስፈልግም፣ አበልም አያስፈልግም፣ የጠዋት ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃል።